ሦስት ጣሳ ዱቄት

ኢያኤል ጆንያውን ገልብጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እፍኝ የማትሞላ የበቆሎ ዱቄት ረገፈች፤ ሌላ የለም። የቀረውን ሁሉ ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው በድልህ ጣሳ እየሰፈረች ቆጠረችው። ሃያ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ መልሳ ቆጠረች። ያው ሃያ ነው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ሃያ አንድ ነው። አባቷ የሚቀጥለውን ወር የአስቤዛ ብር የሚሰጣት ደመወዝ ሲቀበል፣ ወሩ ሲያልቅ ነው። የቤቱ ልክ ደግሞ በቀን ሦስት ጣሳ ነው፤ ለአባቷ አንድ፣ ለወንድሟ ለነህምያ አንድ፣ ለእሷ አንድ። ሃያ ጣሳ ለሦስት ሰው አሥር ቀን እንደማይደርስ ለማወቅ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አያስፈልግም።

ያን ጊዜ ነው እናቷ መጥታ ከኋላዋ የቆመችው።

ሰው ሙት የሚፈራው ሲመሽ ነው። የኢያኤል እናት ፋንታዬ ግን በሕይወት ሳለችም ማምሸት የማትወድ ሴት ነበረች፤ ከሞተች በኋላም የምትመጣው በቀትር ነው፣ የሲቀላ ሰፈር የቆላ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታንጣጣው። ስድስት ወር ሆናት። አትታይም፣ አትናገርም። በማድ ቤቱ በርና በማንጎው ዛፍ መካከል ያለው ብርሃን ትንሽ ይጋረዳል፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ ይሰማል፣ በቃ። ኢያኤል ዞራ አታይም። ብትዞር ማንም እንደማይኖር ታውቃለች፤ የምትፈራውም እሱኑ ነው።

«ኢያ፣ ምሳ ደርሷል?»

ነህምያ ነው። ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሟል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሰላምታ በፊት የሚያስቀድመው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

«ልሠራው ነው። ሂድና የሽፈራው ቅጠል ቀጥፈህ አምጣልኝ።»

«ዛሬም ፎሰሴ?»

«ዛሬም ፎሰሴ።»

ፎሰሴ ለዚህ ቤት የክፉ ቀን ወዳጅ ነው። የበቆሎው ዱቄት ተድቦልቡሎ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይቀቀላል፣ ዳጣ ካለ በዳጣ ይበላል። ቅጠሉ ከጓሮ ስለሆነ ብር አይጠይቅም። ኢያኤል ውሃውን ጥዳ ዱቄቱ ላይ አፈጠጠች። ቁጣ ቁጣ አላት፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አታውቅም።

እናቷ እንደሞተች ቤቱን የያዘችው ከጨንቻ የወረደችው አክስቷ ነበረች። እሷ የካቲት ላይ ወደ ልጆቿ ስትመለስ አስቤዛው ወደ ኢያኤል መጣ። አባቷ ዘካሪያስ የሚሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነው፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የተሰበረ ቬንትሌተር ሳይቀር ቆጥሮ የሚያስረክብ፣ ቆጥሮ የሚረከብ ሰው ነው። ደመወዝ ሲወጣ አራት ሺህ ብር በወረቀት ጠቅልሎ «ይኸው» ይላታል። ለእናቷም ሲሰጣት እንዲሁ ነበር የሚለው። መጋቢት ላይ ብሩ በሃያ አራተኛው ቀን አለቀ። አክስቷ የላከችው ቆጮ ባይደርስላቸው ኖሮ ምን ይበሉ እንደነበር እንጃ። አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እናትሽ በዚችው ብር ወሩን ትጨርስ ነበር» አለ ብቻ፤ ያውም ከራሱ ጋር እንደሚያወራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ይህች አንዲት ንግግር ከቤቱ አልወጣችም። ኢያኤል ሚያዝያን የጀመረችው ይህችን ንግግር ላሸንፍ ብላ ነው። በማድ ቤቱ ሳጥን በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ እናቷ በእርሳስ የጻፈችው የአስቤዛ ዝርዝር አለ፤ ዘይት፣ ጨው፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ዱቄት በቀን 3 ጣሳ»። ኢያኤል ገበያ ወርዳ በዚያው ተራ፣ ከእናቷ ደንበኞች ብቻ ገዛች። ሽንኩርት ሻጯ «የፋንታዬ ልጅ» ብላ አንድ ራስ መረቀችላት። ለራሷ አንዲት ማስቲካ አልገዛችም፣ የፀጉር ቅባት እንኳ ትታ ነው የመጣችው። ያም ሆኖ ከዱቄቱ የገባው ከሰማንያ ጣሳ አላለፈም። የበቆሎ ዋጋ ጨምሯል፤ እሺ ይጨምር። ግን ያኔ አራት ነበሩ፣ አሁን ሦስት ናቸው። አንድ ሰው ጎድሎ ብሩ እንዴት አይበቃም? በየቀትሩ ከእናቷ ጋር አብሮ መጥቶ ከኋላዋ የሚቆመው ይህ ጥያቄ ነው።

ሁለት ጣሳ ሰፈረች። ሃያ ጣሳ ለአሥር ቀን፣ በቀን ሁለት፤ ልክ ይመጣል። እጇ በልማድ ለሦስተኛው ሲዘረጋ መለሰችው።

አባቷ መጥቶ እጁን ታጠበ፣ ጸለየ፣ ጎንበስ አለ። ሁለት ሳህን ብቻ መቅረቡን ያየው ያን ጊዜ ነው።

«የአንቺስ?»

ኢያኤል ቆይቼ እበላለሁ ልትል አስባ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጾም ላይ ነኝ፣ አባዬ።»

ድምፁ የእሷ አልነበረም። የቃሉን መጨረሻ ዝቅ ማድረጉ፣ ወዲያው ደግሞ ውሃ ልቅዳ ብሎ ከገበታው መነሳቱ፣ ሁሉም የእናቷ ነበር። ማሰሮው ጋ ሄዳ ውሃ ቀዳች። ነህምያ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ አያት፤ እሱም ሰምቶታል።

የአባቷ ፊት ግን በራ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲል አይታው አታውቅም። «እንደ እናትሽ» አለ። «ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ። እኔ እኮ ያ ነገር ከዚህ ቤት የወጣ መስሎኝ ነበር።» ምሳውን ሳህኑን ጠርጎ በላ። ስድስት ወር ሙሉ ጥራ ግራ ልታመጣለት ያልቻለችውን ደስታ በአንዲት ውሸት ሰጠችው።

ረቡዕ የሒሳብ ፈተና ነበረ። በእረፍት ሰዓት ምኞት ዴስኩ ላይ ጋዜጣ ዘርግታ ሳምቡሳ ለሁለት ከፈለች። ምኞት ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። አፏ ሥራ አይፈታም፤ ወይ ታወራለች ወይ ትበላለች፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም።

«እንቺ፣ ግማሹ ያንቺ ነው።»

«አልፈልግም። ጾም ላይ ነኝ።»

«በፈተና ሳምንት? አቦ፣ እግዜሩም ይገባዋል እኮ።»

«ተይኝ፣ ምኞት።»

«ፊትሽ ግን ልክ አይደለም። እያካበድኩ አይደለም፣ ቀለምሽ ራሱ ጠፍቷል። እስከ መቼ ነው?»

«ወሩ እስኪያልቅ።»

ምኞት ማኘኳን ገታ አደረገች። «እናትሽም ወር መጨረሻ ላይ ነበር አይደል የምትጾመው? እናንተ ቤት ስመጣ ትዝ ይለኛል። ወር መጨረሻ ከሆነ ሁሌ ለእኛ አቅርባ እሷ ጾም ላይ ናት።»

እንዲሁ ለወሬ ያህል የተናገረችው ነው፤ ወዲያው ስለ ሌላ ነገር አወራች። ኢያኤል ግን የፈተናው ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች እስኪደበላለቁባት ድረስ ያችን ንግግር ከጆሮዋ ማውጣት አልቻለችም። ወር መጨረሻ። ሁሌ ወር መጨረሻ። እናቷ ከጌታ ጋር ቀጠሮ የምትይዘው በአስቤዛው ነበር ማለት ነው?

ከሰዓት በኋላ እትዬ አስቴር መጡ። እትዬ አስቴር በቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት ኅብረት መሪ ናቸው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ከእሳቸው ቀድሞ አጥር ይገባል። የፋንታዬ ቀብር ላይ ቆመው «ከእንጀራ ይልቅ ጸሎት የጠገበች እህት ነበረች» ብለው ሕዝቡን ያስለቀሱት እሳቸው ናቸው።

«አባትሽ ነገረኝ» አሉ ኢያኤልን በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው። «የእናትሽ ጸጋ ሜዳ ላይ አልቀረም። እሁድ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ቆመሽ ስለ እሷ ጾም ትመሰክሪያለሽ። አምስት ደቂቃ ብቻ። ስንት ልጅ እንደሚበረታ አታውቂም።»

«እኔ እንኳ...»

«እሺ በይ፣ የኔ ልጅ።»

እትዬ አስቴርን እምቢ ያለ ሰው በሰፈሩ እስካሁን አልተገኘም። ኢያኤልም እሺ አለች።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዱቄት ስትሰፍር ሐሳቧ ሄዶ ሦስተኛውን ጣሳ ድስቱ አፍ ላይ አድርሳው ነበር። ደንግጣ ወደ ባልዲው መለሰችው። ቁርስ አልበላችም፤ ራሷ ላይ ደመና የተቀመጠ ይመስላታል፣ ነገር ይረሳታል። እንዳልሳሳት ልጻፈው ብላ የነህምያን እርሳስ አመጣችና የሳጥኑን በር ከፈተች። «3» የሚለውን ሰርዛ «2» ልታደርገው ነው። ኮቴው ከኋላዋ ተሰማ። ዛሬ ቀረብ ብሎ ነበር።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ በሩ ላይ በአግድሞሽ ወድቃለች። እርሳሱን ስታስጠጋ ነው ያየችው። «3» የተጻፈው በሌላ ቁጥር ላይ ነው። የቀድሞው በላጲስ ተፍቋል፤ ግን ሲጻፍ በኃይል ተጭኖ ስለነበር እንጨቱ ላይ ጎድጉዶ ቀርቷል። ጣቷን አሳለፈችበት። «4» ነበር። ከሥሩም በደቃቅ ፊደል «ከመስከረም 2016» ይላል።

በዚያ መስከረም በዚህ ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። አባቷ፣ ነህምያ፣ እሷ፣ እናቷ። የሄደ የለም፣ የሞተ የለም። እናቷ የሞተችው ከዓመት በኋላ፣ በ2017 ጥቅምት ነው።

ኢያኤል እርሳሱን አስቀምጣ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ሒሳቡ አሁን ገባት። አንድ ሰው ጎድሎ ብሩ ያልበቃው፣ የጎደለችው ሰው ድሮም ስላልተቆጠረች ነው። እናቷ ስትሞት ከዚህ ቤት ወጪ የቀነሰ አንዲት ጣሳ ዱቄት የለም።

ከዚያ በኋላ ትዝታው ሳይጠራ መጣ። «ሳበስል ቀምሼ ጠገብኩ።» «ሽታው ራሱ አጠገበኝ፣ እናንተ ብሉ።» «ጾም ላይ ነኝ።» ማታ ማታ ደግሞ ማድ ቤት ብቻዋን ቆማ የድስቱን ሥር በማንኪያ ትፍቅ ነበር። «እማዬ የድስት ሥር ስትወድ» እያሉ ይስቁባት ነበር፤ ኢያኤልም ስቃለች። እናቷም አብራ ትስቅ ነበር። ኢያኤል በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ያንን ሳቅ መልሶ የሚውጥ ቢገኝ ምን ነበረበት።

የመጨረሻው ትዝታ የጤና ጣቢያው ነው። ፋንታዬን ወባ አንቀጥቅጧት ይዘዋት የሄዱ ዕለት ነርሷ የዐይኗን ሥር ገልጣ አየች። «ደም የላትም እኮ» አለች። «ምግብ ትበላለች?» የመለሰው አባቷ ነበር። «ጾም ጸሎት ታበዛለች» አለ፤ በጭንቀቱ መካከል ትንሽ ኩራት ነበረበት። እናቷ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኢያኤል ደክሟት የዞረች መስሏት ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተች። የገደላት ወባ ነው፤ ሁሉም ያለው ይህንኑ ነው፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ወባው ብቻ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። አሁን አንድ አለ።

ዓርብ ሙሉ ቀን ለአባቷ ልንገረው አልንገረው ስትል ዋለች። ብሩ አልበቃም ብትለው እናትሽ እንዴት አበቃችው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ከመለሰች ደግሞ ጤና ጣቢያ የተናገረውን ያስታውሳል። ሚስቱ የጸሎት ሴት ሆና ነው ልቡ ውስጥ ያለችው፤ ያቺን ከወሰደችበት ሌላ ምን ይቀረዋል? ዝም ብትል ደግሞ እሁድ በሰው ፊት ቆማ፣ ውሸቱን በማይክሮፎን ልትናገር ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም፤ በየወሩ ሃያ አንደኛው ቀን ሲመጣ ትጾማለች፣ ሰው ይባርካታል። ሰፌዱን እንደያዘች ወደ በሩ ሳትዞር «ምን ላድርግ፣ እማ?» አለች። እናቷ ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትመልሰው «እናንተ ብሉ፣ እኔ ጾም ላይ ነኝ» ነበር፤ ኢያኤል ያንን መልስ ከእንግዲህ መስማት አትፈልግም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ሁለቱን ሳህኖች አቀረበች። አባቷ ጸልዮ አሜን አለ። ነህምያ ሳህኑን በጣቱ ወደ መሃል ገፋ አደረገው።

«እኔም ጾም ላይ ነኝ» አለ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። እንዳለም ውሃ ሊቀዳ ተነሳ።

አባቷ ሳቀ። «አንተ ደግሞ! ቤቱ በሙሉ የጾም ቤት ሆነ እኮ። እትዬ አስቴር ይህንን ቢሰሙ...»

ኢያኤል ወንድሟ ማሰሮው ላይ ጎንበስ ሲል አየችው። ዩኒፎርም በማይለበስበት ቀን የሚለብሳት የድሮ ካናቴራ ሰፊ ሆናበታለች፤ ወይም እሱ ከስቷል። በቀን ሁለት ጣሳ የሆነው ነገ አንድ ይሆናል። ከዚያስ ማን ይቀራል?

«ነህምያ፣ ና ተቀመጥ» አለች። ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰችለት። «ብላ።»

ማድ ቤት ገብታ ሦስተኛ ሳህን ይዛ ተመለሰች። ድስቱ ውስጥ የቀረ ስላልነበረ ከአባቷ ሳህን ላይ፣ ሳትጠይቀው፣ አራት ድቡልቡል በማንኪያ አንስታ ወደ ራሷ አደረገች። በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። አባቷ እጇን ያያል።

«ጾምሽን ፈታሽ እንዴ?»

«አልጾምኩም፣ አባዬ። ዱቄቱ ስላልበቃ ነው።»

«እንዴት ነው የማይበቃው? እናትሽ እኮ በዚችው ብር...»

«አውቃለሁ። ና ላሳይህ።»

ሳጥኑን ከፈተችለት። ዘካሪያስ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። የተፋቀና የተደለዘ ቁጥር ለይቶ ማንበብ ሥራው ነው፤ በየንብረት መረከቢያ ሞዴሉ ላይ ስንቱን ይዟል። «4» ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን አስቀመጠበት፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን ቀን አነበበ። እንደገና አነበበው።

«አራት ነበርን» አለ።

«አዎ።»

«ታዲያ እሷ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ነህምያ እንዳይሰማ ይመስል በሩን ገርበብ አደረገ። የነርሷ ነገር ትዝ እንዳለው ኢያኤል ከፊቱ አወቀች፤ ጉንጩ ባንድ ጊዜ ወረደ። «ጤና ጣቢያ ጠይቃኝ ነበር፣ ያቺ ልጅ። ትበላለች ወይ ብላ። ምን ብዬ ነበር የመለስኩላት?»

ኢያኤል ወለሉን አየች። አላስታውስም ማለት ትችል ነበር።

«ጾም ጸሎት ታበዛለች አልካት።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። «አታውቅም ነበር» ልትለው ፈልጋ ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ይህም ከተናገሩት በኋላ ውሃ ለመቅዳት የሚያስነሳ ዓይነት ቃል መስሎ ታያትና ዋጠችው። አጠገቡ ቆመች።

«አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳት» አለ አባቷ። «አንድ ቀን። ለሰው ግን አወራ ነበር። የኔ ሚስት በአራት ሺህ ብር ወር ታሻግራለች እያልኩ ቢሮ ውስጥ እፎክር ነበር።» መነጽሩን አወለቀ። የሚያለቅስ መስሏት ፈራች፤ እሱ ግን መስተዋቱን በሸሚዙ ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረገው። «ለዚህ ወር ስንት ይጎድላል?»

«አምስት ጣሳ።»

«አምስት ጣሳ» አለ አባቷ። ደግሞ «አምስት» አለ። ትልቅ ቁጥር ቢሆን የሚሻለው ይመስል ነበር። «ከሰዓት ገበያ አብሬሽ እገባለሁ። ዋጋውን እኔው ራሴ መስማት አለብኝ። የሚመጣውን ወር ደግሞ ቁጭ ብለን እናየዋለን፤ አንቺ ብቻሽን አይደለም።»

ወደ ገበታው ተመለሱ። አባቷ ከሳህኑ የቀረውን ሁለት ድቡልቡል አንስቶ የነህምያ ሳህን ላይ ሊጨምር ሲል ኢያኤል እጁን ያዘችው። «አንተም ብላ» አለችው። እሱም በላ፤ እንደ ጨው ድንጋይ ከባድ ሆኖበት፣ ግን በላ። እሷም ዳጣውን ነካ አድርጋ ጎረሰች። ከአራት ቀን በኋላ ትኩስ ምግብ ጉሮሮዋን ሲያልፍ ዐይኗ እንባ አዘለ፤ ነህምያ ዳጣው ነው ብሎ ሳቀባት።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ መጣ።

ሦስቱም አወቁት። አባቷ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መሃል ላይ ቆመ። ለእትዬ አስቴር የትኛውን ፊት ይዞ እንደሚወጣ ጠፍቶታል።

«ስለ ነገው ነው የመጡት» አለ። «ምን ልበላቸው?»

«ተቀመጥ፣ አባዬ። እኔ እከፍታለሁ።»

ሳህኑን አላስቀመጠችም። በግራ እጇ እንደያዘች፣ እያኘከች፣ ግቢውን አቋርጣ ሄደች። ቀትር ነበር፤ ከማንጎው ሥር ስታልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየች። ማንም አልነበረም፤ ልቧ ትንሽ ታመመ፣ ግን ቀጠለች።

እትዬ አስቴር በሩ ሲከፈት ንግግራቸውን ጀምረውት ነበር። «ለነገ ተዘጋጀሽ ወይ፣ የኔ ልጅ? አንዳንድ ነገር ላስይዝሽ ብዬ...» ዐይናቸው ሳህኑ ላይ ወደቀ። ከሳህኑ ወደ አፏ፣ ከአፏ ወደ ሳህኑ ሄደ፤ ድምፃቸው መንገድ ላይ ቀረ።

ኢያኤል የጎረሰችውን ሳትቸኩል ዋጠች። ፊቷ ጋለ፤ ሳህኑን ከጀርባዋ ለመደበቅ ግን አልሞከረችም።

«ነገ አልመሰክርም፣ እትዬ አስቴር» አለች። «ስለ እናቴ ከሆነ ለእርስዎ እውነቱን እነግርዎታለሁ። ግን መጀመሪያ ይግቡ።» በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችላቸው። «ምሳ ላይ ነን። እንብላ።»